እውነት ወይስ ተረት? «ታርቀናልና ክሱ ይነሳልን»

«ተበዳይ ይቅር ካለ ክሱ ይዘጋል።»

ተረት ነው። ስለ አሜሪካ የወንጀል ሕግ በሐበሻው መካከል ከሚነገሩት ሁሉ ብዙ ቤት የጎዳው ይኸኛው ይመስለኛል። ከየት እንደመጣ ግን ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ተበዳይ አቤቱታውን ካነሳ ነገሩ ያከትማል። አሜሪካ ውስጥ ከሳሹ መንግሥት ነው። መዝገቡ የሚከፈተው «የሜሪላንድ ስቴት በእገሌ ላይ» ተብሎ ሲሆን ተበዳይ ምስክር እንጂ ባለጉዳይ አይደለም። ክሱን መቀጠልም ሆነ ማቋረጥ የዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን ነው።

ባልና ሚስት ተጣልተው ጎረቤት 911 ደወለ እንበል። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ቦታዎች ፖሊስ በቤት ውስጥ ጥቃት መፈጸሙን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ካገኘ የማሰር ግዴታ አለበት፤ ሚስት «አትሰሩት» ብላ ብታለቅስም ባልን ይዞት ይሄዳል። በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀምጦ ይታረቃሉ። ዕርቁ ለቤታቸው ደግ ነው፤ መዝገቡን ግን አይዘጋውም። እሷ ባትመሰክር እንኳ የፖሊሱ ካሜራ፣ የጉዳቱ ፎቶና የጎረቤት ቃል አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2006 በሰጠው ውሳኔ አደጋው ገና ሳያልፍ ለ911 የተነገረ ቃል፣ ተናጋሪው ችሎት ባይቀርብም፣ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ወስኗል። ሕጉ እንዲህ የከረረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ለልጆችሽ ስትዪ ተይው» እየተባለች ዝም የምትሰኝ ሴት በኛ ዘንድ ብቻ ያለች አይደለችም።

ሽማግሌዎችም ይስሙ። ምስክርን «ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ» ብሎ መጫን ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ዳኛው «እንዳይቀርባት፣ እንዳይደውልላት» ብሎ ትእዛዝ ከሰጠ ደግሞ እሷ ራሷ «ና፣ ግባ» ብትለው እንኳ ገብቶ የተገኘው ባል ትእዛዝ ጥሷል፤ ትእዛዙን የሚያነሳው ዳኛው ብቻ ነውና። ከጥቃት የሚጠብቅ ትእዛዝ መጣስ ደግሞ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ሆኖ በኢሚግሬሽን ሕጉ ላይ ሰፍሯል።

«ሚስዲሚነር ቀላል ነው፤ ግሪን ካርድ የሚነካው ፌሎኒ ብቻ ነው።»

ይኼም ተረት ነው፤ ያውም አደገኛው። በፌዴራልና በብዙ ስቴቶች ፌሎኒ የሚባለው ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሚስዲሚነር ይባላል። ስሙ ግን ሊያታልል ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ድብደባ በስሙ ሚስዲሚነር ነው፤ ጣሪያው ግን 10 ዓመት እስራት!

የኢሚግሬሽን ሕጉ በበኩሉ የራሱ ሚዛን አለው። በ1988 ወጥቶ በ1996 በጣም የሰፋ «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባል መደብ አለው። የስርቆት ወይም የኃይል ጥቃት ወንጀል ሆኖ የአንድ ዓመት እስራት ከተፈረደበት፣ ስቴቱ ሚስዲሚነር ቢለውም እዚህ መደብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቅጣቱ በገደብ ታልፎ ሰውየው አንድ ሌሊት ሳይታሰር ቢቀርም ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው የተፈረደው ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 የሚስዲሚነርን ጣሪያ ከ365 ወደ 364 ቀን ያወረዱት ለዚህ ነው። ለአንድ ቀን ሕግ ማሻሻል ቀልድ ይመስላል፤ ያቺ ቀን ግን ሰውን ከልጆቹ ትለያለች።

ጠበቃም ሊሳሳት ይችላል። ፓዲላ የተባለ የሆንዱራስ ተወላጅ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ ኖሮ፣ በቬትናም ጦርነትም ለአሜሪካ አገልግሎ፣ ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አትስጋ» ስላለው ጥፋተኛ ነኝ አለ። የመባረር አደጋ መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በዚሁ ጉዳይ፣ ተከላካይ ጠበቃ የመባረርን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወሰነ።

«ፖሊስ መብቴን ካላነበበልኝ ክሱ ይወድቃል።»

የፊልም ወሬ። በ1966 በሚራንዳ ጉዳይ የተወሰነው፣ በቁጥጥር ሥር ሆነው ሲጠየቁ የሰጡት ቃል ማስጠንቀቂያው ካልቀደመው ዐቃቤ ሕግ ለክሱ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንደማይችል ነው። ሌላው ማስረጃ ይቀጥላል። ተከሳሹ ሚራንዳ ራሱ ያለዚያ የእምነት ቃሉ እንደገና ተከሶ በ1967 ተፈርዶበታል። ዝም ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ «መናገር አልፈልግም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ።

«መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ የመንግሥት ሰው ነው።»

አይደለም። ደመወዙን ማንም ይክፈለው፣ ምስጢር ጠባቂነቱና ታማኝነቱ ለተከሳሹ ነው። የሥራ ጫና አለበት፤ እሱ እውነት ነው። ስለዚህ ቀድመው ይጠይቁት፤ ዝም ብለው አይጠብቁት።

ጁሪ ፊት የሚደርስ ተከሳሽ ጥቂት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ በስቴት 94 በመቶው የሚያልቁት ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ነው። ስለዚህ «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው የሚፈርሙባት ወረቀት ስትቀርብልዎ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ለተከሳሽ አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነውና ይጠይቁ። ጠበቃዎን «ዜጋ አይደለሁም፤ ይህ ፊርማ ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?» ይበሉት። የኢሚግሬሽን ሕግ ከሚያውቅ ጠበቃ መልስ ሳያገኙ አይፈርሙ።