ነበልባል በላሜራ ላይ

ከመኪና ፊት ተነሥቶ በኮፈኑ፣ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ላይ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ባለ ቀለም ነበልባል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ የገነነው የሆት ሮድ ባህል ዋነኛ ምልክት ነው። ሆት ሮድ የሚባለው፣ አሮጌ መኪና በርካሽ ተገዝቶ ክብደቱ ከተቀነሰና ሞተሩ ከተጠናከረ በኋላ ለፍጥነት ሲባል እንደ አዲስ የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። በ1950ዎቹ ቮን ደች በሚል ቅጽል የሚታወቀው ኬኔት ሃዋርድ (1929–1992)፣ ዲን ጄፍሪስና ኤድ ሮት ሥዕሉን ራሱን የቻለ ሙያ ሲያደርጉት፣ ላሪ ዋትሰን ደግሞ ልሳኖቹ ቀጥነውና ረዝመው እንደ ውኃ ውስጥ ሣር የሚወዛወዙበትን ዓይነት አስለመደ።

የዚህ ሥዕል ነበልባል ከእሳት ይልቅ በመኪናው አካል ላይ የሚያልፍ የነፋስ ፍሰት ይመስላል። እያንዳንዱ ልሳን ከጎረቤቱ ጋር በክብ ጉድጓድ ይገናኛል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ተጣምሞ በሾለ ጫፍ ያልቃል፤ በልሳኖቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታም የራሱ ቅርጽ ስላለው፣ የሠዓሊው ብስለት ከቀባው ይልቅ ሳይቀባ በተወው ላይ ይታወቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው የሚጀምረው ተቀብቶ የደረቀውን ገጽ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በውኃ በማደብዘዝ ነው፤ ያልደበዘዘ ገጽ አዲስ ቀለም አይይዝምና። ከዚያም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባለው፣ ሳይጨማደድ በሚታጠፍ የፕላስቲክ ቴፕ የነበልባሉ ጠርዝ ይነደፋል። የአንዱ ጎን ንድፍ በወረቀት ላይ ይገለበጥና መስመሩ በመርፌ ይበሳሳል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ በሌላው ጎን ላይ ከተለጠፈ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ሲነሰነስበት ሁለቱ ጎኖች ይመሳሰላሉ። ከነበልባሉ ውጭ ያለው ሁሉ በወረቀት ይሸፈናል።

ቀለማት ድንበር ሳይታይባቸው አንዱ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ሽግግር የሚሠራው ከፈዛዛው ወደ ደማቁ ነው። መጀመሪያ ነጭ ወይም ቢጫ በነበልባሉ ላይ ሁሉ ይረጫል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማው ከመካከል፣ በመጨረሻም ቀዩ ከጫፎቹ ላይ እንደ ጉም ይበተናል፤ በተገላቢጦሽ ቢሠራ ቢጫው ቀዩን ለመሸፈን ብዙ ድርብርብ ይጠይቃል፣ ውፍረቱም መልኩን ያበላሻል። ከሁሉ የሚከብደው ካንዲ የተባለው ብርሃን አሳላፊ ቀለም ነው፤ በብርማ ወይም በወርቃማ መደብ ላይ ስለሚረጭና እያንዳንዱ ርጭት ስለሚያጠቁረው፣ የረጪው እጅ ለቅጽበት ቢዘገይ ጥቁር ጥላ ይቀራል፣ ያንንም ማረም አይቻልም ማለት ይቀላል።

ቴፑ ሲነሣ በአሮጌውና በአዲሱ ቀለም መካከል በጣት የሚዳሰስ ደረጃ ይቀራል፣ አልፎ አልፎም ቀለም በቴፑ ሥር ሾልኮ ጠርዙን ያሸራርፈዋል። ፒንስትራይፕ የሚባለው ቀጭን የጠርዝ መስመር እንግዲህ ከጌጥነቱ በፊት ይህን ጉድለት መሸፈኛ ነው። መስመሩ ረጅምና ለስላሳ ፀጉር ባለው ብሩሽ፣ ያለ ማስመሪያ፣ በአንድ ትንፋሽ ይሳባል፤ ብዙ ጊዜም ከነበልባሉ ጋር የሚጻረር ቀለም፣ ለምሳሌ ውኃ ሰማያዊ፣ ይመረጥለታል። ክሊር የተባለው የላይኛው ቀለም አልባ መሸፈኛ ከተረጨ በኋላ በዘይት ቀለም የተሰመረ መስመር ቢሳሳት ሳይደርቅ ይጠረጋል፣ ከክሊሩ ሥር የገባው ግን ተቀብሮ ይቀራል። የክሊሩ ማጠንከሪያ የሚይዘው አይሶሳያኔት አስም ስለሚያስከትል፣ ረጪው ከውጭ አየር የሚያቀርብ ጭንብል ሊያደርግ ይገባል፤ የአቧራ መከላከያ ጨርቅ እዚህ ምንም አይፈይድም።

በቅርብ ዓሥርተ ዓመታት ማይክ ላቫሊን የመሰሉ ሠዓሊዎች ኤር ብራሽ በሚባለው ትንሽ የቀለም መርጫ እውነተኛ እሳት የሚመስል ሥዕል አስፋፍተዋል። እዚያ ቴፕ ስለማይለጠፍ ደረጃ የለም፣ ስለዚህ የጠርዝ መስመርም አያስፈልግም። ዓይንን በመማረክ በኩል ከቀድሞው አያንስም፤ ነገር ግን መኪናው ተጋጭቶ አንድ በር ቢለወጥ፣ ባለ ጠርዙ ነበልባል በተቀመጠው የተበሳሳ ወረቀት እንደገና ሊነደፍ ሲችል፣ በነጻ እጅ የተረጨው እሳት ግን ያንኑ መልክ ይዞ ስለማይደገም፣ ብዙ ጊዜ የአጎራባቹ ላሜራ ሥዕልም አብሮ መፋቅ ይኖርበታል።