ሳይኮሎጂ ቀላል ነው ያለው ማን ነው?

ፍሬሽማን ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂ የሚወስድ ተማሪ ከትምህርቱ በፊት የሚደርሰው ወሬ አለ፦ «እሱማ ኮመን ሴንስ ነው፤ ሳይነበብም ይሠራል።» ፈተና አውጪው የሚያደባውም እዚሁ ላይ ነው። ከአራቱ አማራጮች አንዱ ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያምነው ነገር ነው፤ እሱን ያከበበ ወደቀ።

ተረት፦ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት ነው።

የለም፣ የተገላቢጦሽ ነው። በሳይኮሎጂስቱ ስኪነር አከፋፈል ማጠናከሪያ (ሪኢንፎርስመንት) የተባለ ሁሉ ባህሪን ያበዛል፤ ቅጣት ይቀንሳል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ደግሞ እንደ ሂሳቡ መደመርና መቀነስ እንጂ ጥሩና መጥፎ ማለት አይደሉም፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር መጣ ወይስ ተነሳ ነው።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሱቅ ገባች እንበል። ልጁ ከረሜላ አየ፤ አለቀሰ፤ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ሰውም ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። ገዛችለትና ጸጥ አለ። ከረሜላ ስላስገኘለት ነገም ያለቅሳል፤ ይህ ፖዘቲቩ ነው። እናትየዋስ? ያ አሳፋሪ ለቅሶ ስለቆመላት እሷም ነገ መግዛቷ አይቀርም። ኔጋቲቩ ይሄ ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር ተነሳ፣ ያስነሳው ድርጊትም ጠነከረ። (ማን ማንን እያሠለጠነ እንደሆነ ለአንባቢ ትቼዋለሁ።) ብትቆነጥጠውና ለቅሶው ከዚያ በኋላ ቢቀንስ ቅጣት ይባል ነበር። ካልቀነሰ ግን ቁንጥጫው የቱንም ያህል ቢያም በሳይኮሎጂ ቋንቋ ቅጣት አይደለም፤ ስሙን የሚያሰጠው ውጤቱ እንጂ የቀጪው ሐሳብ አይደለምና።

ተረት፦ ፓቭሎቭ ኖቤል የተሸለመው ውሾችን በደወል በማስለመዱ ነው።

ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ1904 ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ሰውዬው ፊዚዮሎጂስት ነበር። ለማስለመጃም ሜትሮኖምን ጨምሮ ልዩ ልዩ ነገሮችን ተጠቅሟል።

ተረት፦ የምንጠቀመው ከአንጎላችን 10 በመቶውን ብቻ ነው።

ይህ የአነቃቂ ንግግር ሲሳይ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ 20 በመቶ ገደማውን ጉልበት ይወስዳል፤ ሥራ ፈት የተቀመጠ 90 በመቶ የለውም።

ተረት፦ ደጋግሞ ያነበበ ያውቃል።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ የተማሪ ቡድን አጭር ጽሑፍ በአራት ዙር አነበበ። ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ መሩ፤ 83 በመቶ አስታወሱ፣ ጸሐፊዎቹ 71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 ሲወርዱ ጸሐፊዎቹ 61 ላይ ነበሩ። የሚገርመው፣ ይበልጥ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት አንባቢዎቹ ነበሩ። ሲደጋገም ጽሑፉ ለዓይን ይለመዳል፤ መለመዱ ደግሞ እውቀት ይመስላል።

ስለዚህ ሞጁሉን በቀለም አስምሮ አምስቴ ከማንበብ ይልቅ ዘግቶ ባዶ ወረቀት ማውጣት ይሻላል። ማጠናከሪያና ቅጣትን፣ እያንዳንዳቸውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ብሎ፣ በአራት መደብ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ከራስ ሰፈር ምሳሌ መጻፍ። እዚህ የከረሜላውን ምሳሌ ብቻ ደግሞ የጻፈ ገና አልገባውም፤ ሞጁሉን የሚከፍተው ያኔ ነው።