የምግብ ተቆጣጣሪዎችን ስለ ማሠልጠንና ነጋዴው ከዚህ ስለሚያገኘው ጥቅም

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሾላ ገበያ ቅቤ፥ ማር፥ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚሸጥበት ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች የሚወርደው ሸማች ዕቃውን በዓይኑ አይቶ በአፍንጫው አሽትቶ ይገዛል። ዳሩ ግን ዓይንና አፍንጫ የማይደርሱበት ጉድለት አለ።

በ2008 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፥ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች መካከል አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠባቸው 9 ብቻ ነበሩ፤ በ29ኙ ግን ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል። ዋና መንሥኤ የተባለው ለላሞች የሚቀርበው የኑግ ፋጉሎ ነው። ይህ መርዝ ወተቱን በማፍላት አይጠፋም።

የውጭ ንግድም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ ወደዚያ አገር የሚላከው ቡና እጅግ ቀነሰ። ቡናው የታሸገበት ጆንያ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። እንግዲህ የብዙ ሰው ድካም በጆንያ ምክንያት ሊበላሽ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን የሚከላከል ሙያተኛ ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ዛሬም የአካባቢ ጤናን፥ የምግብ ሳይንስን ወይም የእንስሳት ሕክምናን የተማረ ወጣት ለዚህ ሥራ ሊሰለፍ ይችላል።

ተማሪው ሊያውቅ የሚገባው ብዙ ነው፤ ይኸውም ናሙና ሳይበከል መውሰድን፥ የማቀዝቀዣን ሙቀት መለካትን፥ የእህልንና የበርበሬን እርጥበት መመርመርን፥ ሕግን ማንበብንና ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍን ነው። ከሁሉም በላይ ጉቦን እንቢ ማለትን መማር አለበት።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥርን ሥራ በሕግ ደንግጓል። ስለዚህ ለነጋዴው የሚሻለው ተቆጣጣሪ ባልመጣ ብሎ መመኘት ሳይሆን የሚመጣው የሠለጠነ እንዲሆን መርዳት ነው። ያልሠለጠነ ተቆጣጣሪ ደኅናውን ዕቃ ያስጥላል፤ የተበላሸውን ያሳልፋል፤ በሁለቱም የሚጎዳው ሐቀኛው ባለሱቅ ነው።

ትምህርት በደብተር ብቻ አይፈጸምም። መጋዘኑን፥ የቅመም ወፍጮውን ወይም የቡና ማበጠሪያውን ለጥቂት ሳምንታት ለተማሪዎች መለማመጃ የሚከፍት ነጋዴ ወጪው ትንሽ ነው። እነርሱ ሙያ ይቀስማሉ፤ እርሱም የዕቃውን ጉድለት ከገዢው አስቀድሞ ያውቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚሁ ነው።