የጣና ሐይቅን የውኃ ከፍታ በድረ ገጽ ማሳወቅ፦ የመረጃ ቋት ውጤቶች አያያዝ

የጣና ሐይቅ የውኃ ከፍታ የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ በመጨመር በመስከረም ወር ገደማ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች የደረሰው ጎርፍ እንደሚያስታውሰው፣ የሐይቁን ሁኔታ በወቅቱ ማወቅ ለባሕር ዳርና ለሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች ሕይወትንና ንብረትን የመታደግ ጉዳይ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ለተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም መረጃው መሠረታዊ ነው።

እንዲህ ያለው መረጃ በድረ ገጽ ሲቀርብ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ ለመረጃ ቋቱ ጥያቄ ይልካል። ቋቱም ከረጅም ዓመታት መዝገብ ውስጥ የተፈለገውን ለይቶ ይመልሳል። ጎርፍ በሚያሰጋበት ዕለት በርካታ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያቀርቡ ሰርቨሩ ሊጨናነቅ፣ አገልግሎቱም እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ሊቋረጥ ይችላል። ስለሆነም የመጀመሪያው ጥያቄ ውጤት በጊዜያዊ ማከማቻ ተቀምጦ ለተከታዮቹ ጠያቂዎች ከዚያው እንዲሰጥ ይደረጋል።

የቆይታ ጊዜ

ያለፉት ዓመታት ልኬቶች ተጣርተው ከጸደቁ በኋላ እምብዛም ስለማይለወጡ ውጤታቸው ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። የዕለቱ ልኬት ግን አዲስ ንባብ በተመዘገበ ቁጥር የቀድሞው ውጤት ተሰርዞ መተካት ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ ውኃው እየጨመረ ሳለ ገጹ የትናንቱን ከፍታ ያሳያል።

መለያ ቁልፍ

እያንዳንዱ የተቀመጠ ውጤት በመለያ ቁልፍ ይታወቃል። ቁልፉም የመለኪያ ጣቢያውን ስም፣ የጊዜ ወሰኑንና የመለኪያውን ዓይነት በሙሉ መያዝ አለበት። በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የዘመን አቆጣጠር ነው። «2010» የሚለው ቁጥር በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተለያዩ ዓመታትን ያመለክታል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ቁልፍ ከተጋሩ አንደኛው ጠያቂ የሌላውን ዓመት መረጃ ያገኛል። በመሆኑም ቀኖች ቁልፉ ከመዘጋጀቱ በፊት ወደ አንድ አቆጣጠር መለወጥ አለባቸው።

ውጤቱን ማንበብ

ፕሮግራሙ ከውጤቱ ውስጥ እሴቶችን በዓምድ ተራ ቁጥር ሳይሆን በዓምድ ስም ቢያነብ ይመረጣል። በሠንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ሲጨመር ተራ ቁጥሩ ሊዛባና የዝናብ መጠን በውኃ ከፍታ ቦታ ሊታይ ይችላልና። የብዙ ዓመታት መዝገብ ሲጠየቅ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ማህደረ ትውስታ ከመጫን ይልቅ በክፍል በክፍል ማንበብ የሰርቨሩን ጫና ይቀንሳል።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የተለካበት ቀንና ሰዓት በግልጽ መስፈር ይገባዋል። ተጠቃሚዎችም በመረጃው ከመወሰናቸው በፊት ይህንኑ ሰዓት ማየት ይጠበቅባቸዋል።