ቆሞ የሚከርም ኮምባይነርን ከአይጥ ስለ መጠበቅ

በአርሲና በባሌ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች የመኸር አጨዳ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ይካሄዳል። ከዚያ በኋላ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮምባይነር ወደ ግቢ ይገባና እስከሚቀጥለው አጨዳ ቆሞ ይከርማል። በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚታጨድባቸው ቦታዎች የሚቆምበት ጊዜ አጭር ነው። ይሁን እንጂ ለአይጥ አጭር ጊዜም ይበቃታል። የቤት አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን አርግዛ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማኅበር ግቢ ያየነውን እንግለጽ። ስንዴው ደርሷል፤ ሰማዩም መዳመን ጀምሯል። ኦፕሬተሩ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ዝም አለ። ኮፈኑ ሲከፈት የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ልባሳቸው ተግጦ መዳቡ ወጥቷል። በአየር ማጣሪያው (ዲፑራቶር) ቤት ውስጥ ደግሞ ከገለባና ከመቀመጫው ስፖንጅ የተሠራ ጎጆ ተገኘ። ኤሌክትሪሽያን ከከተማ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ፤ ዝናቡ ግን የጠበቀው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ለዘር ታስቦ የነበረው ስንዴ እዛላው ላይ በቀለ። ከእህል ታንኩ ሥር ያለው መክፈቻ ሲፈታ ሁለት ቁና ያህል የሻገተ ስንዴ ተዛቀ። ይህን ያዩ አንዲት አረጋዊት የማኅበሩ አባል፣ «ታዲያ ምን ይደረግ፣ አይጧን ዓመቱን ሙሉ የቀለብናት እኛው ነን» አሉ።

የነገሩም ሥር ይኸው ነው። አጨዳ ሲያልቅ ማሳው ይራቆታል፤ የማሳ አይጥም ምግብና መጠለያ ፍለጋ ወደ ክምርና ወደ ቤት ትሰደዳለች። በዚህ ጊዜ ሳይጸዳ የቆመ ኮምባይነር ምግቡም፣ ገለባውም፣ ጨለማውም የተሟላለት ቤት ይሆንላታል። ሽቦውን የምትግጠው ርቧት አይደለም። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኳን ማደጉን ስለማያቆም የምትሞርደው ነገር ስለምትሻ ነው። የተላጡ ሽቦዎች ሲነካኩ ደግሞ እሳት ያስነሣሉ፤ በኮምባይነር ውስጥ ደረቅ እብቅ ስለማይጠፋ አንድ ብልጭታ መሣሪያውንም ማሳውንም ሊያወድም ይችላል።

ስለዚህ አይጥን የመከላከያው ዋና ቀን ኮምባይነሩ የሚቆምበት ቀን ነው። በዚያ ቀን መክፈቻዎቹ ሁሉ ተከፍተው መሣሪያው ማሳው ዳር ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን እንዲሠራ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ሰው ሊጠጋ አይገባም። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ የእህል ታንኩ፣ እህል የሚያመላልሰው ሰንሰለት፣ ጠመዝማዛው ማስተላለፊያ፣ መውቂያውና ገለባ አራጋፊው በመጥረጊያና፣ ከተገኘ፣ በአየር ግፊት ይጸዳሉ። በውሃ ማጠብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበቱ እብቁን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ዝገትም ያመጣል። ከጋቢናው ውስጥ ጆንያ፣ ጨርቅና የምሳ ፍርፋሪ ሳይቀር ይወጣል። በመጨረሻም የባትሪው ካቦ ይፈታል።

ይህ ሥራ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የማይሠራበትም ምክንያት አለው። የኮምባይነር ኪራይ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በታጨደው ኩንታል ስለሆነ ለጽዳት ቀን የሚከፍል የለም፤ ኦፕሬተሩም የመጨረሻውን ማሳ እንደ ጨረሰ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ማኅበሩ የኦፕሬተሩንና የሁለት ረዳቶችን የጽዳት ቀን አበል በአጨዳው ወጪ ውስጥ ቢያስገባ፣ የሒሳብ ክፍያም ታንኩ በኮሚቴ ከታየ በኋላ ቢፈጸም ይበጃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጉዳዩን ማንሳት ያለበት አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚሰማው የለም።

የማቆሚያው ቦታ ከገለባ ክምር፣ ከእህል መጋዘንና ከቁጥቋጦ አጥር ራቅ ያለ፣ መሬቱም ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። አይጥ በገላጣ ቦታ መሄድ ስለምትፈራ በዙሪያው ያለው ሣር እስከ ሁለት ሜትር ስፋት ይታጨዳል፤ በክረምት ይህ ተደጋግሞ መሠራት ይኖርበታል። የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ስለምትገባ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይሸፈናል፣ የማርሚታው አፍ በጣሳ ይከደናል፣ ሽቦዎች የሚያልፉባቸው ክፍተቶችም ለድስት ማጠቢያ በሚሆን የሽቦ ድር ይደፈናሉ። ጨርቅ መወተፍ ጎጆ መሥሪያ ማቀበል ነው።

በርበሬ መነስነስና ናፍታሊን ማስቀመጥ በየቦታው ይሞከራል። ሽታው ሲጠፋ አይጧ ትመለሳለችና አንመክርም። የተቃጠለ ዘይት በሽቦና በችንጋ ላይ መቀባትም ጎማውን ያበላሻል እንጂ አይጥ አይከለክልም። ድመት በግቢ ውስጥ መኖሯ ይረዳል፤ ሆኖም በመሣሪያው ጠባብ ክፍሎች ውስጥ መግባት አትችልም። ወጥመድ ግን ጥሩ ነው። አይጥ ግድግዳ ታካ ስለምትሄድ ወጥመዱ በግድግዳና በጎማ ሥር ተጠምዶ በየማለዳው ይታያል። ስንዴ በሞላበት ግቢ ስንዴ አያታልላትምና ማባበያው የተፈጨ ለውዝ ወይም የተጠበሰ ጮማ ቢሆን ይሻላል።

መርዝን በሚመለከት ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። በእህል የተለወሰ ዚንክ ፎስፋይድ በምንም ምክንያት ታንኩ ውስጥ ወይም መውቂያው ላይ መቀመጥ የለበትም። የተረፈው መርዝ ከሚቀጥለው ምርት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰው ማዕድ ይሄዳል፤ ለዚህ መርዝ ደግሞ የተለየ ማርከሻ የለውም። የጎተራ ነቀዝ ማጥፊያ የሆነውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ጋቢና ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥም ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው። ጋዙ በሩን የሚከፍተውን ሰው ሊገድል ይችላል፤ መዳብን ስለሚበላም አይጥ ያልነካችውን ሽቦ እርሱ ይጨርሰዋል።

ጎጆ ከተገኘ በደረቁ መጥረግ አይገባም። የአይጥ ሽንትና ኩስ ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰሉ በሽታዎች ያስተላልፋል። መጀመሪያ በሮቹ ተከፍተው ለግማሽ ሰዓት ይናፈሳል። የእጅ ጓንት አጥልቆና አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ጎጆውን ማራስ፣ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላም በእርጥብ ጨርቅ ማንሳትና መቅበር ነው። በረኪናው ብረት ስለሚያዝግ ከሽቦ ማያያዣዎች ይራቅ፤ የነካውም ቦታ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ይድረቅ። አይጥ ባለበት እባብም ሊከተል ስለሚችል እጅን ወደ ጨለማ ክፍል ከመስደድ በፊት በባትሪ ማየት ነው።

በቆመበት ወራት ኮፈኑ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈት፤ ያየው ሰውም ቀኑን በመዝገብ ይጻፍ። አጨዳ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሽቦዎቹ፣ የአየር ማጣሪያው፣ የራዲያተሩ ፊትና የነዳጅ ቱቦዎቹ ተመርምረው ባትሪው ይታሰር፤ ብልሽት ቢገኝ መለዋወጫ ለማስመጣት ጊዜ አለ። ማርሚታውን የከደነው ጣሳና የአየር ማስገቢያው ወንፊት ሳይነሱ ሞተር እንዳይነሣ በሁለቱም ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ ከዚያው ጨርቅ አንድ ቁራጭ ደግሞ ቁልፉ ላይ።