ያለ ቢላ አንጎል የሚደርስ ማግኔት

ታማሚዋ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች። ባለሙያው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ጥቅል ሽቦ ራሷ ላይ ያስጠጋል። “ቀጭ!” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ማንም ያልነካው አውራ ጣቷ ብድግ ይላል። ማሽኑ ጡንቻን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል አገኘው ማለት ነው።

የዚህ ሕክምና ሥሩ ለንደን ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በሮያል ኢንስቲትዩሽን፣ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል አጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አሳየ። እዚህ በሽቦው ቦታ የገባው አንጎል ነው። ማግኔቱ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ኃይሉ ቆዳና አጥንት ሳያግደው ዘልቆ የነርቭ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። በ1980 በለንደኑ ኩዊን ስኩዌር ሆስፒታል መርተንና ሞርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ራስ በመላክ ሞክረው ተሳክቶላቸው ነበር፤ ግን ያም ነበር። በ1985 የሼፊልዱ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በማግኔት ተክተው ሥቃዩን አስቀሩት።

ለማያቋርጥ ሕመም ምን ይፈይዳል? ሕመም ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ሥር ሰደደ ይባላል። አንዳንዴ ቁስሉ ድኖም ነርቮቹ “አደጋ አለ” ማለታቸውን አይተዉም። ታማሚው አስመሳይ አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። የሕክምናው ሐሳብ ጡንቻን የሚያዘውን ያንን የአንጎል ክፍል ደጋግሞ በመቀስቀስ ሕመምን የሚቆጣጠረውን መረብ ማስከን ነው።

ውጤቱን የመዘነውም የለንደን ሰው ነው። የብሩኔል ዩኒቨርሲቲው ኒል ኦኮኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በማግኔትና ያለ ቢላ አንጎልን በሚቀሰቅሱ ሌሎች ዘዴዎች ላይ የተደረጉ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 94 ጥናቶች መረመሩ። በእነዚህ ጥናቶች እውነተኛው ሕክምና የሚነጻጸረው እንደ እውነተኛው ተመስሎ ከሚሰጥ የይስሙላ ሕክምና ጋር ነው። ማግኔቱ ከ0 እስከ 10 በሚለካው የሕመም ሚዛን ላይ የቀነሰው በአማካይ ግማሽ ነጥብ እንኳ አልሞላም፤ እሱም ለአጭር ጊዜ ነው። የማስረጃው ጥራትም ደካማ ነበር።

ስለዚህ ተስፋው አለ፣ ፈውሱ ግን ገና አልተረጋገጠም። ይህን ሕክምና የሚያቀርብልዎት ሰው ካለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ምን ማስረጃ እንዳለው ይጠይቁ። ራስዎ ውስጥ ብረት ካለ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ። የጀመሩትንም መድኃኒት ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።