የዲኤክስ ልጅነት እና የጌዶ ዳገት

አምቦ ውስጥ ስፖርት መኪና አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ "አለ" ነው። ፌራሪ ወይም ፖርሽ ማለቴ አይደለም። ቀለሙ በየዓመቱ የሚለወጥ፣ ቸርኬው ከሞተሩ በላይ ዋጋ የሚያወጣ፣ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ የሚያጥበው ዲኤክስ ኮሮላ ማለቴ ነው። ሰው ሲስቅብኝ ታሪኩን እነግረዋለሁ። በጃፓን የተራራ መንገዶች ላይ እየተንሸራተተ ስሙን ዓለም ያወቀው ኤኢ86 የሚባለው ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ፣ ከሌሎቹ የዘመኑ ኮሮላዎች አብዛኞቹ ኃይላቸውን ወደ ፊት ጎማ አዙረው ነበር። እሱ ግን ከቀደመው ትውልድ፣ ማለትም ከኛው ዲኤክስ፣ የወረሰውን የኋላ ጎማ አሠራር ይዞ ቀረ። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ የምናየው አሮጌ ኮሮላ ለዚያ ዝነኛ መኪና ታላቅ ወንድሙ ነው። የሚለያዩት በሞተር ነው። ታናሽየው 1,600 ሲሲ ሆኖ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ የኛው 4ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው።

ይህን ያነሳሁት ጋራዤ ከሚመጡት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት የተበላሸ ሳይሆን ገና ያልተገዛ መኪና ይዘው ስለሚመጡ ነው። ስልካቸውን ያወጡና "ጋሼ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ፤ ምን ይላሉ?" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ፎቶው ሁለት ነው። አንዱ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት በር፣ ዓይን የሚስብ። ሌላው ቪትዝ ወይም ኤክስኪዩቲቭ ኮሮላ፤ ገንዘብ ከበረከተም ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ። አንዱ ለልብ፣ አንዱ ለኪስ።

በቅርቡ የመጣው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። አዲስ አበባ ለሽያጭ የቀረበ ቶዮታ 86 ልቡን ወስዶታል። መኪናው ስሙን የወረሰው ካነሳሁት ኤኢ86 ነው፤ ባለ ሁለት ሊትር ሞተር ነው፣ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ልጁ ቁጥሩን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የሚሠራው አምቦ ነው፤ እናቱ ጌዶ ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ለመካኒክ ከዚህ በላይ መረጃ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ 200ውን ፈረስ እንቆጥራቸው አልኩት። ያ ቁጥር የተለካው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ የሚስበው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ነው። እንግዲህ 200ው እዚህ 160 ገደማ ሆኖ ይነሳል። 2,500 ሜትር አካባቢ ካለችው ጌዶ ሲደርስ ደግሞ 150 ይሆናል። ሃምሳዎቹን ፈረሶች ተከፍሎባቸው አገር ቤት ያልገቡ ዕቃዎች ብለህ ያዛቸው አልኩት። አልሳቀም።

ቀጥሎ ወለሉ። ያ መኪና ከመሬት የሚርቀው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ ጌዶና ነቀምት የሚቀጥለውም እንዲሁ። መኪናውን የሚጎዳው ግን ረጅሙ አስፋልት ሳይሆን መጨረሻው ላይ ያለው አጭር መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ እናቱ በር እስኪደርስ ያለው ኮረኮንች፣ ነዋሪው ራሱ በአፈርና በድንጋይ የሠራው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ያለ ክዳን የቀረው ቦይ። ሰው መኪና ሲገዛ የሚያስበው ስለ መቶው ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮፓ የሚቀደደው ግን በመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። ኮፓው ተቀድዶ ዘይቱ ሲፈስ ወዲያው ሞተሩን ያላጠፋ ሾፌር፣ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ የኮፓ ዋጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው።

ጊንጪ ዙሪያ ያለውማ ሌላ ነገር ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። በጋ ሲሰነጠቅ እግር ያስገባል፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ አብጦ ጎማ ላይ ይጋገራል። ከአስፋልት ሃምሳ ሜትር የወጣ ቪትዝ በሐምሌ ጎማው ክብ ጭቃ ሆኖ፣ ባለበት ሲሽከረከር ማየት የተለመደ ነው። እዚያ አካባቢ ለሚሠራ የግብርና ባለሙያ ስለ ስፖርት መኪና አላወራም። ስለ ቪትዝም አላወራም። አሮጌም ቢሆን ባለ አራት ጎማ ጉልበት ፒካፕ ፈልግ ነው የምለው።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ምርጫ የመረጠልን የግብር ሕጉ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ባለው የቤት መኪና ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ባለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። አገሩ በአንድ ሺህና በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ መኪና የተሞላው የኢትዮጵያ ሰው ትንሽ ሞተር ስለሚወድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በእሱ ቦታ የተተካው አዋጅ ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ ጨምሮ ይቀጣ ጀመር። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚህ መካከል አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸው በመውደቅ ፈንታ ወጣ፤ ቪትዝ ተሽከርካሪ መሆኗ ቀርቶ ቁጠባ ሆነች። በየትኛውም ከተማ ቪትዝ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ገዢ አያጣም። ባለ ሁለት በሩን ለመሸጥ ግን እንደራሱ በፍቅር የወደቀ ሌላ ሰው መጠበቅ አለበት። የፊት መብራቱ የተሰበረ ቀን ደግሞ መለዋወጫው አምቦም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም የለም፤ ዱባይ ዘመድ ያለው ይታደላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ "ደስታን ተወው፣ ጥቅሙን ያዝ" የሚል ይመስላል። እንደዚያ አላምንም። በሥራዬ የማየው ትልቁ ጉዳት ስፖርት መኪና በመግዛት የመጣ አይደለም፤ የዕለት መኪናን ስፖርት ለማስመሰል በመሞከር የመጣ ነው።

ነገሩ በስፕሪንግ ይጀምራል። ወጣቱ ቪትዙ ዝቅ እንድትልለት ስፕሪንጉን ያስቆርጣል። ለዚያ ርዝመት የተሠራው ሾክ አብዞርበር ቦታ አጥቶ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ መጨረሻውን ይመታል፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዘይት ያለቅሳል። ከዚያ 13 ወይም 14 ኢንች የነበረው ቸርኬ ወጥቶ 17 ይገባል፤ ጎማው እንደ ላስቲክ ቀለበት የሳሳ ነው። ቸርኬው ስለሚከብድ ሦስት ሲሊንደር ያላት የአንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ከቆመችበት ለመነሳት ታቃስታለች፤ ኩሽኔታው ይጮሃል፤ አንድ የአስፋልት ስብራት ደግሞ ቸርኬውን አጣሞ ወደኔ ይልከዋል። ቀጥሎ ማርሚታው ይቆረጣል። ድምፁ ጎረቤት ይቀሰቅሳል እንጂ ለዳገቱ የሚጨምርለት ነገር የለም። በመጨረሻ ከኋላ ክንፍ ይለጠፋል። የቪትዝ ጉልበት ያለው የፊት ጎማዋ ላይ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ላይ ክንፍ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ወፍ ማሳረፍ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ደስታም አይሰጥም፤ አገልግሎትም ይከለክላል። ያንኑ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ጥሩ ጎማ፣ አዲስ ሾክ አብዞርበር፣ የመሪውንና የእግሩን ቡሽ ቀይሬ፣ ፍሬኑን አድሼና አላይመንቱን አስተካክዬ እሰጠው ነበር። ባለቤቱ ከጎረቤቷ ከተማ ጉደር ሳይደርስ መኪናው ሌላ እንደሆነ ያውቃል።

መኪና የሚያዝናናው በምኑ ነው? መልሱን ፍለጋ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ኬንያ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የሳፋሪ ራሊ መጀመሪያ ዓመታት ቮልስ አሸንፏል። በ1960ዎቹ ፔጆ 404 ደጋግሞ ወሰደው፤ በ1975 እና በ1978 ደግሞ 504። እነዚህ ሦስቱ መኪኖች ለኛ አባቶች ምን ነበሩ? የሐኪም መኪና፣ የነጋዴ መኪና፣ ቤተሰብ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት መኪና። በጭቃና በኮረኮንች ላይ ከእነሱ ጉልበት ያላቸውን ጥለው የሄዱት ቀላል፣ ጠንካራና ከመሬት ራቅ ያሉ ስለነበሩ ነው። የፔጆው ረጅም የስፕሪንግ ጉዞ ያኔም ዛሬም የሚወደድ ነገር ነው። እውነተኛ የስፖርት መኪና ለኛ መንገድ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ 504 ይመስል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከጉደር ወደ ጌዶ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ዲኤክስ በሦስተኛ ማርሽ፣ በ50 እና በ60 መካከል፣ ሞተሩ በሙሉ ልቡ እየሠራ ሲወጣ፣ ፍሪሲዮኑን መቼ እንደምትረግጥ፣ ኩርባው ላይ መሪውን ምን ያህል እንደምትይዝ እጅህና እግርህ ይቆጥራሉ። በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት የሚሄድ ባለ 200 ፈረስ መኪና ገና አልነቃም። እሱን ለማንቃት 120 መሄድ አለብህ፤ 120 ለመሄድ ደግሞ ባዶ መንገድ ያስፈልግሃል። ይህ መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ በገበያ ቀን ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ ክረምት ላይ ጌዶ ስትቃረብ ጉም አለ፤ ከኩርባው ወዲያ ደግሞ ረድፉን የለቀቀ ሲኖትራክ ሊኖር ይችላል። ለመምህሩም ያልኩት ይህንን ነው፦ አሥር በመቶ ጉልበቱን ብቻ ለምትጠቀምበት መኪና መቶ በመቶ አትክፈል።

ግን ደግሞ ሰውን በምክንያት ብቻ መርታት አይቻልም፤ መርታትም ያለብን አይመስለኝም። የኛ ሰው ይህን ምርጫ ከመኪና በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ለጉዞ በቅሎ፣ ለጭነት አህያ፣ ለጉግስ ፈረስ ያስር ነበር። በሒሳብ ካየነው ፈረስ ከሦስቱ ብዙ የሚበላ፣ ትንሽ የሚሠራ ነው። ሆኖም ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና አላውቅም። ዛሬም ከተማው ሰውን "ያ ባለ ቀይ ዲኤክሱ" ብሎ ይጠራል እንጂ "ባለ ነጯ ቪትዝ" ብሎ ለይቶ የሚያውቀው የለም፤ ነጭ ቪትዝ ስንት ናት?

አሁን በአምቦ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ስለመጡ ጥያቄው መልኩን እየለወጠ ነው። ቢዋይዲም ሆነ የቮልስዋገኑ አይዲ 4፣ ሞተራቸው አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካቸውም። ብዙ ጊዜ የሚገባው ዓይነት አይዲ 4፣ 204 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጌዶ ላይም ያው 204 ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ያለ ማርሽና ያለ ጩኸት ዳገቱን ሲወጣ ያየ የዲኤክስ ባለቤት ለጊዜው ዝም ይላል። ቢሆንም ክብደቱ ሁለት ቶን ገደማ ነው፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ያቺ የመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር እሱንም ትጠብቀዋለች። ኮፓ ቢቀደድ በብየዳ ይድናል። የባትሪ ሳጥን ድንጋይ ከመታው ግን እኔ የምነካው ነገር አይደለም፤ ውስጡ እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ። ሲነሳ ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቅህ ጉልበትም ለኔ ደስታ ሆኖ አያውቅም። ፔዳል መርገጥ ነው፤ መንዳት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። ጋራዤ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች በዚህ አይስማሙም። እዚያ የምሸነፍበት ብቸኛው ክርክርም አይደለም።

መምህሩ 86ቱን ተወው። የገዛው በእጅ ማርሽ የሚሠራ ኤክስኪዩቲቭ ነው። ስፕሪንጉን እንዳያስቆርጥ አስምዬዋለሁ፤ እናቱም ገብተው ለመቀመጥ ጉልበታቸውን ማጠፍ አያስፈልጋቸውም። የሁለቱንም ፎቶ ለሚያሳየኝ ሰው ሁሉ ግን ይህ መልስ አይሆንም። ከጄልዱዋ ጎጆ ከተማ ድንች የሚያወርድ አንድ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። ጄልዱ የድንች አገር ነው፤ አይሱዙው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፣ ልጆቹን ያስተምራል። ዲኤክሱ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ይወጣል፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ጉደር ደርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን "ኦቦ፣ ቢጨንቅዎ የትኛውን ነው የሚሸጡት?" አልኳቸው።

"አይሱዙውን" አሉኝ ሳያመነቱ። "አይሱዙ ብሸጥ ሌላ አይሱዙ እገዛለሁ። ይሄን ብሸጥ የት አገኘዋለሁ?"

የዚያን ዕለት ጋራዥ የመጡት ግን አይሱዙውን ይዘው ነው። ባሌስትራው ተሰብሮ፣ ድንቹ እንደተጫነ።